የአደራው ቆሮሶ

ሐይቁ ከደረቀ ወዲህ ዓሣ የሚኖረው በየሰው ቤት፣ በገንዳ ውስጥ ነው። ሐይቁ ሲመለስ ይመለሳል ተብሎ ለየቤቱ በአደራ ተሰጥቷል። ለዓሣ አጥማጁ ለዳንጊሶ ግን ነፈጉት። «መረብ የጣለ እጅ አደራ አይቀበልም» ብለው በሰው ፊት መለሱት፤ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ያመነዥካታል።

ጎረቤቱ እትዬ ብርነሽ ልጇን ልታዋልድ ስትሄድ የአደራ ዓሣዋን፣ ቆሮሶዋን፣ እሱ ዘንድ አኖረች።

«አደራ ዳንጊሶ፣ የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለበት፣ ዓሣ ይገድላል። ይህን ማርከሻ መድኃኒት ጠብ አድርገህበት ውሃውን አሳድረው፤ እንዳለ እንዳትገለብጥበት።»

«ደግሞ ስለ ዓሣ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» አለ፣ ምክሩን እንደ ስድብ ቆጥሮ።

ውሃው ሲደፈርስ በቀጥታ ከቧንቧው ቀድቶ ገለበጠበት። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ንጹሕ ውሃ ያነሰው መስሎት ደገመለት። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ከውሃ ሲያወጣ ኖረ እንጂ አንድም ቀን ውሃ ውስጥ አኑሮ አያውቅም።

እትዬ ብርነሽ ከበሩ ጀምራ እየሳቀች ተመለሰች።

«ወንድ ተገላገለች! የእኔስ ጌታ ደህና ነው? ሰፈሩ ሁሉ ‹ለእሱ ሰጥተሽ?› ብሎ ሲስቅብኝ፣ ‹ከዳንጊሶ በላይ ዓሣ የሚያውቅ ማን አለ?› ብዬ አፋቸውን አስዘጋኋቸው።»

«አርጅቶ ነበር» ሊል ያዘጋጀውን ቃል ተወው።

«እንዳልሽኝ አላደረግሁም» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ባዶውን ገንዳ አየች። አልጮኸችበትም።

«የት ቀበርከው?» አለችው፣ ስለ ሰው እንደምትጠይቅ ሁሉ።

ዳንጊሶ አልቀበረውም። ሐይቁ ከደረቀ ወዲህ ያልቀመሰውን ሥጋ፣ እንባው እየወረደም ቢሆን፣ እስከ እሾሁ ግጦት ነበር።