የዋሻው ሞርሳ

ባለእጁ አድማሴ የቀበሌው ካድሬ ያመጣውን ሞርሳ፣ ብረት ጠምዶ የሚይዘውን መሣሪያ፣ ገና ሲያየው አወቀው። የአባቱ ነበር፤ ከወር በፊት ልጁ ብርቄ በአህያ ጭና የወሰደችው።

«አላውቀውም» አለ።

«ከኮሶዬ በታች ዋሻ ውስጥ ነው ያገኘነው» አለ ካድሬው። «ፀረ አብዮተኞች ጠመንጃ ይጠግኑበት ነበር። ካላወቅኸው ግድ የለም፣ አያ አድማሴ። ለቀበሌው ጠግንልን።»

በሩ ላይ ወታደር ቆሟል። አድማሴ የሞርሳውን ረጅም እግር ከግንድ ጋር አሰረ፤ ዝገቱን ፋቀ፤ ብሎኑን በነጭ ጋዝ አራሰ። ከዚያ እጀታውን ይዞ ወደ ቀኝ አዞረው። የተጣበቀው መንጋጋ እየተንቋቋ ተከፈተ።

ካድሬው ብድግ አለ። «ሞርሳ የሚፈታው ወደ ግራ ነው። እኛም ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ግራ ስንታገለው ነበር። ይሄኛው በቀኝ እንደሚፈታ ማን ነገረህ?»

አድማሴ እጁን አየ። ብሎኑን በተቃራኒው እንዲዞር አድርጎ የሠራው አባቱ ነበር፤ እጁም ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ አያውቅም።

«የእኔ ነው» አለ። «ዋሻው ውስጥ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።»

ወታደሩ ገመድ ይዞ ቀረበ።

«ግራሶ ልቀባው» አለ አድማሴ። «ካልተቀባ መልሶ ይዝጋል።»

ጠበቁት። እሱም አልቸኮለም።