የቦክሰኛው አበል

ሥጋ ሻጯ ወንድሟን ስትወደው ለጉድ ነው። አወዳደዷ ግን በቡጢ ነው። ከቤት ሲወጣ ጀርባውን ድው ታደርገውና «ጡቦ! ቅዳሜ ያንን ሽቦ ቆልምመህ ካልመጣህ እህት የለህም!» ትለዋለች። እሱም እየሳቀ ይወጣል።

ጡቦና ሽቦ የሰፈር ስማቸው ነው። ሁለቱም ቦክሰኞች ናቸው፣ በአንድ ክብደት። ቅዳሜ በማጣሪያው ይፋጠጣሉ። ያሸነፈ ኦሎምፒክ ይሄዳል፤ መንግሥትም በየወሩ አበል ይቆርጥለታል። የተሸነፈ ቤቱ ይገባል። ከማጣሪያው በፊት የተሰበረ ደግሞ ስሙ ይሰረዛል፣ አለቀ።

ጡቦ ቤት የሚያፈሰው ጣሪያ፣ የታናናሾቹ ትምህርት ቤት፣ የሥጋ ቤቱ ኪራይ፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ቅዳሜን ይጠብቃል።

አሰልጣኙ ሥጋ ሊገዛ በመጣ ቁጥር የሰው አገር ወሬ ያወርዳል።

«አንዱ አገር ሜዳሊያ ላመጣ ቤት ከነቁልፉ ይሰጣል። ሌላው እስኪሞት ይጦራል። ደግሞ አንድ ሀብታም አገር አለልሽ፣ መንግሥቱ ሰባራ ሳንቲም አይሰጥም። ስፖርተኛው ቀን ዕቃ ሲሸጥ ውሎ ማታ ይለማመዳል።»

«እኛስ?» አለች ሥጋ ሻጯ፣ አጥንቱን በመጥረቢያ እየፈለጠች።

«እኛማ እጅህ እስከሠራ ትበላለህ። አጥንት አታብዢብኝ!»

ጡቦ ሰሞኑን ቤቱን በሳቅ ይገድለው ጀምሯል። አንዱን ቀልድ በአንድ ራት ሁለቴ ይነግራቸዋል፣ ሁለቴም ራሱ ቀድሞ ይስቃል። ባለፈው ደግሞ ጎረቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ «ራት አልደረሰም እንዴ?» ብሏቸው ቁጭ። ጎረቤቶቹም አበሉት! ሥጋ ሻጯ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እናትየው ሰሃን ለማጠብ ወጥታ ነበር።

ለማጣሪያው የጤና ምርመራ ሁለቱም ቦክሰኞች እናቶቻቸውን ይዘው ነው የሄዱት። ሐኪሙ ማኅተሙን መታላቸው። ከዚያ እናቶቹን ብቻ ወደ ውስጥ ጠርቶ በሩን ዘጋ።

«ምን አለሽ?» አለች ሥጋ ሻጯ እናቷ ስትመለስ።

«እንደ በሬ ነው አለኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቶቹ ገበያ ሲገናኙ ፊት ይነሣሣሉ። ሥጋ ሻጯ ደስ አላት። እሰይ! ጠላት እንዲህ ከነቤተሰቡ ሲሆን ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ጡቦ ከልምምድ ተመለሰ። የግቢው በር ብረት ነው፤ መቀርቀሪያው በውስጥ ስለሆነ ሁሉም ሰው በቀዳዳው እጁን አስገብቶ ነው የሚከፍተው። ጡቦ ቀኝ እጁን አስገባ።

ከውስጥ መዶሻ ወረደበት። እጁን ሳይስብ ደገመው።

ጩኸቱ ሥጋ ቤት ድረስ ተሰማ። ሥጋ ሻጯ ሽርጧን እንዳሰረች ሮጣ ስትደርስ እናትየው ቀድማ ወጥታ ጭንቅላቱን በጭኗ ይዛለች። እጁ እጅ አይመስልም። ጣቶቹ ወደየፊናቸው ዞረዋል፣ አንዱ አጥንት ቆዳውን በስቶ ወጥቷል። እናትየው ፋሻውን ጠቀለለችለት፣ መደገፊያ እንጨቱ እንኳ በልኩ ተቆርጦ አጠገቧ ነበር። እማዬ መቼም ለሁሉም ዝግጁ ናት!

«ማነው? አየኸው?»

«በር ከልሎት እንዴት ልየው፣ እትዬ! በጓሮ በኩል ሲሮጥ ብቻ ሰማሁት።»

«ሽቦ ነዋ! አጥር ዘሎ ገብቶ! ክብደት ስትመዘኑ ‹እጅህን አሳርፍልሃለሁ› ሲልህ አልሰማሁም?»

«ተይ ልጄ» አለች እናትየው። «ያለፈው አልፏል። ሕይወቱ ተርፏል።»

«ምን ተረፈው? አበሉ ሄደ! ኦሎምፒኩ ሄደ! ተይ ትለኛለች እንዴ!»

ቢላዋዋን አልያዘችም። ባዶ እጇን፣ ሽርጧን እያውለበለበች ልምምድ ቤቱ ገባች። ሽቦ አሸዋ የተሞላውን ከረጢት ይደበድባል። ጓንቱን በጥርሱ ሳይፈታ አፍንጫው ላይ አሳረፈችበት። ደሙ ከረጢቱ ላይ ተረጨ።

«እትዬ! እናቴ ትሙት እኔ አይደለሁም!»

«ትሙታ!»

አፉን ደገመችው፤ ጥርሱ እጇ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ሽቦ ሴት አልመታም ብሎ በክንዱ ይከላከላል። አሰልጣኙ በወገቧ ቢይዛት ጎትታው ዞረች። ጥግ ላይ ያለውን የብረት በርጩማ አነሳችና በሽቦ ጭንቅላት ላይ አወረደችው። ሽቦ ተዘረጋ። በጆሮው ደም መጣ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ማንንም ግን አያይም።

ቤቷ የገባችው እያናፋች ነው።

«ቅዳሜ ማንም አይጋጠምም! እኛ ካልበላን እነሱም አይበሏትም!»

«ምን አደረግሽ?» አለች እናትየው።

«በርጩማ አቀመስኩት!»

«የቱ ጋ?»

«ጭንቅላቱን ነዋ! ምኑን ልመታው ኖሯል?»

እናትየው መሬት ላይ ዘጭ አለች።

የግቢው በር ይደበደብ ጀመር። የሽቦ እናት ድምፅ ነበር። ሥጋ ሻጯ ዘነዘናውን አነሳች። «ትምጣ! ለሷም አለኝ!» እናትየው ግን እየተንገዳገደች ተነሥታ ራሷ ከፈተች።

የሽቦ እናት ደም በደም ሆናለች፤ የልጇ ደም ነው። ሥጋ ሻጯን ዞራም አላየቻት። የእናትየውን አንገት በሁለት እጇ አነቀች።

«ሐኪሙ ማኅተሙን ቢመታም ‹አንድ ቡጢ ጭንቅላታቸው ላይ ካረፈ አለቁ› አላለንም? እኔ የልጅሽን እጅ ብቻ ነው የሰበርኩት! አንቺስ የልጄን እጅ እንጂ ጭንቅላቱን ላትነኪ አልነበር ቃላችን?»