አልጋ የሚሆነው ወንበር

ታናሽ እህቷ ከአውሮፕላኑ ቢዝነስ ክላስ መጋረጃውን ገልጣ ስትመጣ፣ ታላቅየዋ ዓይኗን ጨፍና የተኛች መሰለች።

«እትዬ፣ እንዳልተኛሽ አውቃለሁ» አለች ታናሽየዋ ጎንበስ ብላ። «አስተናጋጇን አስፈቅጃለሁ። የኔ ወንበር ሲዘረጋ አልጋ ነው የሚሆነው። ሂጂና ጋደም በይ፣ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ።» እግሯ ላይ እዚያ የሚታደለውን ለስላሳ ካልሲ አጥልቃለች፤ እጇ ጥሩ ቅባት ቅባት ይሸታል። መሥሪያ ቤቷ ነው ትኬቱን የቆረጠላት። ታላቅየዋ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ናት፤ ያበጠው እግሯ ጫማዋ ውስጥ አልገባ ብሎ ነበር። ያ ካልሲ ከሁሉም በላይ አንጀቷን አሳረራት።

«እኔ ምን ጎደለብኝ? ተመችቶኛል።»

«እውነትሽን ነው?»

«አልኩሽ እኮ!»

ታናሽየዋ ከእህቷ አጠገብ ወገባቸውን ይዘው ወደሚያቃስቱት አሮጊት ዞረች። «እናቴ፣ እርስዎስ ቢሄዱ?» አሮጊቷ እስኪደገምላቸው አልጠበቁም። «እደጊ ልጄ፣ ተባረኪ» እያሉ አስተናጋጇን ተከትለው ሄዱ።

ታናሽየዋ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ደግመሽ ብትለምኚኝ ምን ነበረበት?» አለች ታላቅየዋ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«አንቺን ለምኖ ማን ይችላል?» ታናሽየዋ ሳቀች። ብዙም ሳትቆይ የእህቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ጣላት።

የታላቅየዋ ትከሻ እየደነዘዘ ሄደ። እንዳትቀሰቅሳት ብላ ንቅንቅ አላለችም። «ይሄኔ» አለች በሹክሹክታ፣ «አሮጊቷ ማንኮራፋት ጀምረዋል።»