ካልዞርሽ

እህትና ወንድም ጠላቂዎች ናቸው፤ ከሰመጠ መርከብ ላይ ብረት እየቆረጡ ያወጣሉ። ውሃ ውስጥ አፍ አይሠራም። ስለዚህ ወንድሟ ሲፈልጋት የጀርባውን የአየር ሲሊንደር በቢላዋ እጀታ ሦስቴ ይመታል። ካልዞረች መጥቶ የራሷን ሲሊንደር ይደበድበዋል።

«አንቺ ደንቆሮ! አንገትሽ ተበየደ እንዴ?» ይላታል ጀልባው ላይ ሲወጡ። አባታቸው ይስቃል።

ትናንት ጠዋት ሦስቴ መታ። እሷ «ደግሞ ቀልዱን ጀመረ» ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። መጥቶም አልደበደባትም፤ ወደ ጀልባውም አልተመለሰም።

አየሩ የሚበቃው ለአንድ ሰዓት ነው። ዛሬ አባቷ እጇን ይዞ «በቃ ልጄ፣ ሬሳውን እንኳ አውጪልኝ» አላት። ብቻዋን ወረደች።

የተናደ ብረት ተጭኖት አገኘችው። ቢላዋውን አልለቀቀም። እንደምንም ብረቱን ፈንቅላ ወገቡን በገመድ አሰረችውና ገመዱን ነቀነቀች። አባቷ ከላይ ጎተተ። ወንድሟ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሁለት እጆች ተቀብለው ጀልባው ውስጥ ሲያስገቡት አንጋጣ አየች።

ያኔ ሦስት ምት ሰማች።

ውሃ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አልዞረችም።

ትንሽ ቆይቶ የራሷ ሲሊንደር ጀርባዋ ላይ ሦስቴ ተመታ።