የኤርሚንዮ ቅድመ አያት ደም

ኤርሚንዮ ሳንግሪያ አይጠጣም። በስፔን፣ በማላጋ ባሕር ዳር ያደገ ሰው ሲጠማው ቀይ ወይኑን በሎሚ ለስላሳ ቀላቅሎ ይጠጣል፤ ፍራፍሬ የሚዋኝበትን የሳንግሪያ ወይን ጆግ ለእንግዳ ይተዋል። ኤርሚንዮ ግን የሚሸጠው ያንኑ ጆግ ነው፤ ከጆጉ ጋር ደግሞ ታሪክ።

ሳንግሪያ በስፔንኛ ደም ከሚለው ቃል የወጣ ስም ነው። እስከዚህ ድረስ አይዋሽም። ከዚያ በኋላ ግን ቅድመ አያቱ በሴት ተጣልተው በጩቤ ተወጉ፣ ደማቸው ወይን ማሰሮ ውስጥ ጠብ አለ፣ የቀመሰውም ሁሉ ድገሙኝ አለ ይላል። ውሸት የሚያምርበት ሰው ነው።

ዘንድሮ ታሪኩም አልሸጥ አለ። ከአደባባዩ ማዶ አዲስ መጠጥ ቤት ተከፈተና እንግዳው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ሚስቱ ኦብዱሊያ፣ በዚህ ከቀጠለ መስከረም ላይ ቤቱን መዝጋታቸው እንደማይቀር ነገረችው። ከአባቱ የወረሰው ቤት ነውና ኤርሚንዮ እንቅልፍ አጣ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን ሌኦካዲያ የምትባል ጡረተኛ አስተማሪ መምጣት ጀመረች። መንገዱ ዳር ካለው ጠረጴዛ ትቀመጣለች፤ ኤርሚንዮ ጩቤው ላይ ሲደርስ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

"ጌታዬ፣ ሳንግሪያ እኮ ደም ማስወጣት ማለት ነው፤ የድሮ ፀጉር አስተካካዮች የሚያደርጉት፣ ዋግምት ብጤ። መጠጡም ቀይ ስለሆነ ነው እንዲያ የተባለው። ቅድመ አያትዎን ከየት አመጧቸው?"

"ከእናቴ ወገን፣ እሜቴ። እርስዎ እዚያ ነበሩ እንዴ? ዕድሜዎ መቼም ይፈቅዳል።"

እሷ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ እሱም አይሸነፍም። መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል፤ የቆመው ይቀመጣል፤ የተቀመጠው ይጠማዋል። ግማሹ ለቅድመ አያቱ፣ ግማሹ ለአስተማሪዋ ያደላል።

ኤርሚንዮ ግን በንዴት በገነ። ስሙን እንድታጠፋ የላካት ያ የማዶው ባለ መጠጥ ቤት ለመሆኑ ጥርጥር አልነበረውም። አታስገቢያት ብሎ ሚስቱን ቢለምናትም፣ ኦብዱሊያ አሮጊት ሴት ከደጃፌ አላባርርም ብላ ብርቱካኗን መክተፏን ቀጠለች። ስለ መስከረም ማንሳት ከተወች ሰንብታለች፤ እሱ ግን ሐሳቡ ሁሉ ሴትዮዋ ላይ ስለነበር ልብ አላለም።

በነሐሴ መጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። ነገ በሰው ፊት ክንዷን ይዤ አስወጣታለሁ ብሎ ዝቶ በረዶ ሊያመጣ ወጣ።

ኦብዱሊያ እስኪርቅ ጠብቃ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ሌኦካዲያ ሰርዲን እየበላች ነበር።

"ነገ ላባርርሽ ይልሻል፤ እሺ እንዳትይው። ደግሞ ጀርመን ቱሪስቶቹ ተቀምጠው ሳያዝዙ እንዳትጀምሪ።"