ማጣሪያ የሌለው ስልክ

የስልክ ጥገና ባለሙያውን ባልደረቦቹ «ሽቦ» ይሉታል። መክሳቱን አይተው ነው ያወጡለት። ፈሪም ነው፣ እሱም አይክድም። ውሻ ያለበት ግቢ ከሆነ በር ላይ ቆሞ «እሰሩልኝ!» ሳይል እግሩን አያስገባም።

የዚያን ቀን ከሰዓት የተላከበት ቤት ግን ውሻ አልነበረውም። በሩን የከፈቱለት ደልደል ያሉ፣ ቁልፋቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ፈገግታ የማይለያቸው አሮጊት ነበሩ።

«ና ግባ ልጄ። ይሄ ኢንተርኔት አበሳዬን አሳየኝ።»

«ሁልጊዜ ነው የሚቋረጠው፣ እማማ?»

«እኔ ቤት ስሆን ደህና ነው። ልብስ ላሰጣ ስወጣ፣ አትክልት ሳጠጣ፣ ያኔ ድርግም ይላል። ስመለስ ይሄ መብራት ጠፍቶ ነው የማገኘው።» ወደ ራውተሩ ጠቆሙት።

ሽቦ ሳቁን ዋጠ። ራውተር የሰው መውጣትና መግባት ምን ገዶት! የግድግዳውን ሶኬት በካቻቢቴ ፈታ፤ ሽቦዎቹ አልዛጉም፣ አልላሉም። የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የሚለየው ማጣሪያም በቦታው ነው። ሁሉም ደህና ነበር።

«እንግዲያው ልውጣልህና እይ» አሉና የውሃ ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ። የበሩ ድምፅ ተሰማ።

ትንሽ ቆይቶ የራውተሩ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና ጠፋ።

ሽቦ ወደ ራውተሩ ጎንበስ አለ። ነገሩን ያውቀዋል። ኢንተርኔት በሚሄድበት መስመር ላይ ማጣሪያ የሌለው ሌላ ስልክ ሲነሳ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የሳሎኑ ስልክ ደግሞ ዓይኑ ሥር እንደተዘጋ ተቀምጧል።

የመሞከሪያ ስልኩን መቆንጠጫ ሶኬቱ ላይ አስነክሶ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ሰማ። እስትንፋሱ ወደ ሹክሹክታ ሲለወጥ፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይለይ መቆንጠጫውን ነቀለ። የሰው ወሬ አይሰማም፤ በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም፤ በዚህ ይኮራል። ዛሬ ግን እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱም አግዞታል።

ሴትዮዋ ሲመለሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ሌላ ስልክ አለዎት?»

«የለኝም።»

«አብሮዎት የሚኖር ሰውስ?»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «የት ጋ እንደሆነ ነው ያጣሁት።»

«ፖሊስ እንጥራ።»

«ፖሊስማ ባለፈው መጥቶ፣ ቤቱን ዞሮ አይቶ፣ ምንም የለም ብሎ ሄደ። ደግሜ ባስጠራ ጃጀች ይሉኛል። እባክህ ልጄ፣ ስልኩ የት እንዳለ ብቻ ፈልግልኝ።»

ሽቦ እግሬ አውጪኝ ብሎ ቢሮጥ ደስ ባለው። ግን የገዛ እናቱም ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሴትዮዋ አንጀቱን በሉት።

መስመሩ ላይ ድምፅ የሚልከውን መሣሪያ ሰካ። በእጁ የያዘው የመሣሪያው ሌላ ክፍል ወደ ሽቦው በቀረበ ቁጥር ያፏጫል። ፉጨቱን እየተከተለ ከሳሎን ወጣ፤ በማድ ቤቱ በር በኩል አለፈ፤ ታጥበው የተደፉ ሁለት ሳህኖችና ሁለት ኩባያዎች ነበሩ። በኮሪደሩ ጠርዝ ጠርዝ ሄደ። ፉጨቱ የበረታው መጨረሻው ላይ የቆመ ትልቅ ቁም ሣጥን ዘንድ ነው። ከሥሩ ወለሉ ተፋፍቋል። ሣጥኑ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተገፍቷል።

«ከኋላው ምንድን ነው?»

«ድሮ ጓዳ ነበር። አሁን ማንም አይገባበትም።»

የሆነ ነገር ከሣጥኑ ጀርባ ዷ አለ። ከዚያ ጸጥ።

ሽቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሴትዮዋን ክንዳቸውን ይዞ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ግቢ ወጣ። ለፖሊስ ሊደውል ሞባይሉን አወጣ። ሴትዮዋ እጁን ያዙት።

«ቆይ! መጀመሪያ መስመሩን ቁረጠው። ጓደኞቹን ቢጠራብንስ?»

እውነታቸውን ነው፤ እሱ አላሰበውም። የመስመሩ ሳጥን በውጭው ግድግዳ ላይ፣ ክፍት ከነበረው የኮሪደሩ መስኮት ሥር ነው። ከፈተው። ከሳሎኑ ሽቦ ጎን አንድ አሮጌ፣ ቀለም የተቀባበት ሽቦ ወደ ጓዳው ግድግዳ ይገባል።

«ይሄ ከተቆረጠ በምንም መንገድ መደወል አይቻልም?» አሉት ሴትዮዋ።

«በምንም።»

«ተባረክ።»

ፒንሳውን ከቦርሳው አውጥቶ ቀና ሲል ሴትዮዋ ወደ ቤት እየገቡ ነበር።

«እማማ! ኧረ አይግቡ!»

«መነጽሬን ላምጣ፣ አይዞህ» ብለው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

ብቻቸውን ናቸው፣ አሮጊት ናቸው፣ ያ ሰው ደግሞ ውስጥ ነው። ምናልባት ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፤ ምናልባት ጓደኞቹን እየጠራ ነው። ሽቦ ዓይኑን ጨፍኖ ፒንሳውን ጨበጠ። ሽቦው ቀጭ ብሎ ተቆረጠ።

ወዲያው ከመስኮቱ ውስጥ ቁም ሣጥኑ ወለሉን እየፋቀ ሲገፋ ተሰማ።

ወጣባቸው! ሽቦ ትልቁን ካቻቢቴ መዞ ሊሮጥ አሰበ፤ ግን አልደፈረም። ግድግዳውን ተደግፎ የሴትዮዋን ጩኸት ጠበቀ። ጩኸት አልመጣም። የመጣው ያው እሱን «ና ግባ» ያለው ለስላሳ ድምፅ ነው።

«በይ እንግዲህ የኔ ልጅ፣ አሁን ለማን ትደውያለሽ?»