የጠበበው ቀሚስ

ከበሩ ጀምሮ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ይዛ ነበር። አምና በኩራት ያስጠበበችውን ሰማያዊ ቀሚስ በሽማግሌው ልብስ ሰፊ ፊት ስትዘረጋ፣ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ጋሼ፣ የቀነስኩትን ኪሎ መልሼ አመጣሁት። እንደ አዲስ ልጀምር ነው፤ እስከዚያ ግን የምለብሰው አጣሁ። ትርፉን ጨርቅ ቆርጠው ጥለውታል አይደል?»

ሽማግሌው ቀሚሱን ገለበጡት። ትርፉ ጨርቅ በጎኑ ስፌት ውስጥ እንዳለ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር።

«እኔ ኪሎ የቀነሰ ሰው ልብስ ቆርጬ አላውቅም» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ዛሬ እናሰፋዋለን፤ ስትቀንሺ እናጠብበዋለን። የኔን ሱሪ ብታዪው፣ ስንቴ ተተርትሮ ስንቴ እንደተሰፋ!»

ሳቋ አመለጣት። ሆዷም አብሮ አመለጣት፤ መልሳ አልሳበችውም።